ድምፁን የያዘው ላፕቶፕና ሁለት ቁልፍ ያለው በር

ተረት ነው ካላችሁ ተረት ነው። እውነት ነው ካላችሁም አልከራከርም። የሚሰማ ይስማ፣ የማይሰማ ይተኛ። እኔ ከጀመርኩ አላቋርጥም፤ ብዙም አላወራም።

አንዲት ሴት ነበረች። ፋናዬ ትባላለች፤ ሚስቴ ናት፤ ታማ ከተኛች ሰንብታለች። አንድ ማክሰኞ ማለዳ አልጋዋ ላይ ቁጭ አለችና «ድምፁ ጠፋብኝ» አለችኝ።

«የማን ድምፅ?»

«የልጄ። መልኩ አለ። አካሄዱም አለ። ድምፁ የለም። ከነቃሁ ጀምሮ ብፈልገው፣ ብፈልገው፣ የለም።»

ልጃችን ይበልጣል ነው። አስተማሪ ነበር። ሞቶ ዓመት ሊደፍን አምስት ቀን ቀርቶት ነበር። ሞተር ሳይክሉ ላይ ሁለት ነበሩ፤ የኔው ከኋላ፣ ዳምጤ ከፊት። ዳምጤ የጎረቤታችን የአምሳለ ልጅ ነው፤ ይነዳ የነበረውም እሱ ነው። ድልድዩ ላይ ሁለቱም ቀሩ። ስለ ዳምጤ አንድ ቀን አንድ ነገር ተናግሬያለሁ። እሱን በቦታው ስደርስ እነግራችኋለሁ።

ከሆስፒታል የልጄን ቦርሳ ሰጡኝ። ቦርሳው ውስጥ ላፕቶፑ ነበር። ላፕቶፑ ውስጥ ድምፁ አለ፤ ፋናዬ ታውቃለች። አንድ ቀን ደጃፍ ላይ ጎመን ስትከትፍ፣ ሳቂ እያለ ቀርጿት፣ መልሶ በላፕቶፑ አሳይቷት ነበር።

አጥሚት ሠርቼ አቀረብኩላት። ሳህኑን በእጇ ጀርባ ገፋችው።

«ድምፁን ሳልሰማ እህል አይወርድልኝም።»

«ሐኪሞቹ መድኃኒቱ በባዶ ሆድ አይዋጥም ብለዋል እኮ።»

«እንግዲያው እሱም ይቅር።»

ላፕቶፑ አይናገርም፤ ላፕቶፑ ካልተናገረ ፋናዬ አትበላም። አጥሚቱም ይቀዘቅዛል።

ላፕቶፑን በነጠላ ጠቅልዬ ኤፍሬም ጋ ወሰድኩት። ኤፍሬም ገበያው ዳር ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው ነው፤ መነጽሩ ባንድ ጎን በክር ታስሯል። ከተማው መብራት ካጣ ወር ሊሞላው ነው። ኤፍሬም ጣራው ላይ ባለች ሶላር ነው የሚሠራው። ላፕቶፑን ከሶላሩ ላይ ሰክቶ ጥቂት አቆየውና አበራው። አንድ ክብ ነገር ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ። ጠፋ። በራሱ ጊዜ መልሶ በራ። ዞረ፣ ዞረ። ጠፋ።

«ይነቃል እንጂ አይነሳም» አለኝ።

«ምን ማለት ነው?»

«እንደ በሽተኛ ነው አባባ። ዓይኑን ይገልጣል፣ እግሩ አይሸከመውም።» ጆሮውን ወደ ላፕቶፑ አስጠጋ። «ዲስኩ ቋ ቋ ይላል። ወድቋል እንዴ?»

«ወድቋል።»

«ከወደቀ በኋላ ስንት ጊዜ አበሩት?»

«መብራት እስኪሄድ ድረስ፣ በየማለዳው።»

ኤፍሬም መነጽሩን አወለቀ። «አባባ፣ የወደቀ ዲስክ አይነካም። ባበሩት ቁጥር ውስጡ ሲጫር ከርሟል።»

«ደህና አደርክ ልለው ነበር።»

ኤፍሬም መነጽሩን መልሶ አደረገ።

«ውስጡ ያለውን ወደ ሌላ ዲስክ ልገለብጥልዎ እችላለሁ። የምሞክረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ግማሽ ቀን ይፈጃል። መሃል ላይ መብራቱ እልም ካለ ድምፁም እልም ነው።»

«በሶላሩስ?»

«ሶላሯ ስልክ ነው የምትሞላው። ደመና ባለፈ ቁጥር ትንገዳገዳለች።»

«ትልቁ ከተማ ብወስደውስ?»

«መንገዱን ጎርፍ ቆርጦታል። በበቅሎ ጀርባ እየተንገጫገጨ ሄዶ ምን ሊተርፈው? ያለ ደህና መብራት አልነካውም። ነክቼ ባጠፋው ከዓይንዎ አላርፍም። ጋሽ ሰይፈ ወፍጮ ቤት ዳይናሞ አለ፤ እሱን ያስነሱልኝና እሠራለሁ።»

ኤፍሬም አይነካም፤ ኤፍሬም ካልነካ ላፕቶፑ አይናገርም፤ ላፕቶፑ ካልተናገረ ፋናዬ አትበላም። አጥሚቱም ይቀዘቅዛል።

ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ሰይፈ አብሮ አደጌ ነው። ዱቄት ያልነካውን ሰይፈን ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ጥቁር ሰው ኖሯል።

«ጠፍተህ ጠፍተህ እህል ሳትይዝ መጣህ?» አለኝ።

«ዳይናሞህን ፈልጌ።»

«እኔም ፈልጌዋለሁ።» ከግድግዳው ላይ የሞተሩን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ አወረደና እግሬ ሥር ጣለው። ሁለት ቦታ ተበጥሷል። የሞተ እባብ ይመስላል። «ሞተሩ ደህና ነው። ቢፈልግ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። ያለ ቺንጋ ግን ዳይናሞው አይዞርም፣ ድንጋዩም አይዞርም። ሰው ዱቄት አጥቶ በቆሎ እየቆላ ነው።»

«ቱሉ አይሰፋውም?»

«አልሰፋም ብሏል።»

«ለምን?»

«ሂድና ጠይቀው። ለኔ የነገረኝን ላንተ አልደግመውም።»

«ምን ቢነግርህ ነው?»

«ወንድይፍራው፣ ዝምታ ካንተ ነው የተማርኩት። ቺንጋውን አንሳና ሂድ።»

ቺንጋውን ትከሻዬ ላይ ጣልኩና ወጣሁ።

ዳይናሞው አይዞርም፤ ዳይናሞው ካልዞረ ኤፍሬም አይነካም፤ ኤፍሬም ካልነካ ላፕቶፑ አይናገርም፤ ላፕቶፑ ካልተናገረ ፋናዬ አትበላም። አጥሚቱም ይቀዘቅዛል።

ቱሉ ጫማ ሰፊ ነው፤ ኮርቻም ቺንጋም ይሰፋል። ዝናብ ጀምሮ ነበር። ቱሉን እቤቱ ውስጥ ጃንጥላ ይዞ ተቀምጦ አገኘሁት። ከጣራው ሦስት ቆርቆሮ ነፋስ ወስዶታል። ያ ከባዱ የስፌት ማሽኑ ፕላስቲክ ለብሶ ጥግ ላይ ቆሟል።

«ግባ እንዳልልህ ውጭና ውስጥ አንድ ነው» አለኝ።

ቺንጋውን አሳየሁት። በጣቱ ዳበሰው።

«መስፋቱ ቀላል ነበር። ግን በማስቲሽ ተጣብቆ፣ ተሰፍቶ፣ አንድ ቀን በደረቅ ቦታ ማደር አለበት። ማስቲሽ እርጥበት አይወድም። ዛሬ በእርጥበት ብሰፋው ነገ ሲዞር ይለቅና የሰይፈን ክንድ ይዞ ይሄዳል።»

«እኔ ቤት መጥተህ ስፋው። ቤቴ አያፈስም።»

«ማሽኑን ማን ይሸከመዋል? አራት ሰው ነው ያስገባው።» ጃንጥላውን ወደ ሌላው እጁ አዛወረ። «ደግሞ እኔን ዝናብ አታስፈራራኝ። ባለፈው ጥር ሚስቴ ስትሞት ሰው ያስተዛዘነኝ ያለ ጊዜው በመጣ ዝናብ ተደብድቦ ነው። ድንኳን አልነበረም። እኔስ ለምጃለሁ። ቺንጋው አልለመደም።»

ቺንጋውን መልሼ ጠቀለልኩ።

«ግዛው ጣራዬን ይምታልኝ። በነጋታው እሰፋልሃለሁ» አለኝ። «ግዛው ግን አልወጣም ብሏል።»

ቱሉ አይሰፋም፤ ቱሉ ካልሰፋ ዳይናሞው አይዞርም፤ ዳይናሞው ካልዞረ ኤፍሬም አይነካም፤ ኤፍሬም ካልነካ ላፕቶፑ አይናገርም፤ ላፕቶፑ ካልተናገረ ፋናዬ አትበላም። አጥሚቱም ይቀዘቅዛል።

ማታ ማር በውሃ በጥብጬ ሰጠኋት። ሁለት ጉንጭ ጠጣች። «አገኘኸው?» አለችኝ። «እየፈለግሁ ነው» አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

ረቡዕ ማለዳ አናጢው ግዛው ጋ ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ መዶሻ እጀታ ይልጋል። ሳይነሳ ተቀበለኝ።

«ለቱሉ ጣራ ከሆነ አልወጣም» አለኝ፤ ገና አፌን ሳልከፍት።

«ጎረቤትህ አይደለም?»

«ጎረቤቴ ነው፤ ጎድኔ ደግሞ የራሴ ነው። ባለፈው ክረምት ባሕር ዛፍ ላይ ሚስማር መትቼ መሰላል ነው ብዬ ወጣሁ። ሦስት ጎድኔን ሰበርኩ። ስተነፍስ እስካሁን ይሰማኛል፤ ና ስማ።» እጄን ይዞ ጎኑ ላይ አደረገው። «ከእንግዲህ ከብረት መሰላል በቀር እግሬን ከመሬት አላነሳም።»

«የብረት መሰላል ከየት ይመጣል?»

ግዛው መላጉን አቆመ። ቀና ብሎ አየኝና ሳቀ። ሳቁ ደስ አይልም።

«አንተ ነህ የምትጠይቀኝ? በዚህ ከተማ አንድ የብረት መሰላል ነው ያለው። የእድሩ ነው። ድንኳን መትከያ ነው የተገዛው። የት እንደተቆለፈበት ታውቃለህ፤ ለምን እንደተቆለፈበትም ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ» አልኩ።

«እንግዲያው ሂድ። ብርሃኔን ከልለህብኛል።»

ግዛው አይወጣም፤ ግዛው ካልወጣ ቱሉ አይሰፋም፤ ቱሉ ካልሰፋ ዳይናሞው አይዞርም፤ ዳይናሞው ካልዞረ ኤፍሬም አይነካም፤ ኤፍሬም ካልነካ ላፕቶፑ አይናገርም፤ ላፕቶፑ ካልተናገረ ፋናዬ አትበላም። አጥሚቱም ይቀዘቅዛል።

የእድራችን ዳኛ ባሻ ልሳኑ ናቸው። ዕድሜያቸውን እሳቸውም አያውቁትም። ነገሩን ገና ሳልጨርስ እጃቸውን ወደ አንገታቸው ሰደዱና በክር የታሰረ ቁልፍ አወጡ።

«እንካ። ሂድ ክፈት።»

«ባሻ፣ ባንድ ቁልፍ አይከፈትም እኮ።»

«እህ። ታውቃለህ ማለት ነው።»

የእድሩ ዕቃ ቤት ሁለት ጓጉንቸር ነው ያለው። ድስቱም፣ አግዳሚውም፣ ድንኳኑም፣ መሰላሉም እዚያ ነው። ማንም ብቻውን እንዳይገባ አንዱ ቁልፍ ዳኛው ጋ፣ አንዱ ዕቃ ጠባቂዋ ጋ ይቀመጣል። ዕቃ ጠባቂዋ አምሳለ ናት። የዳምጤ እናት።

«ጓጉንቸሩ ይሰበር» አልኩ።

«የእድር በር የሰበረን ማን ይቀብረዋል? ይህ ሕግ ሲወጣ ከሁሉ ቀድመህ እጅህን ያነሳኸው አንተ ነህ።»

«ሽማግሌ ይላክባት።»

«ሦስት ጊዜ ላክን። ሦስት ጊዜም አንድ ቃል ነው የመለሰችልን። ‹ድንኳኑን የከለከለኝ ራሱ ይምጣ› ብላለች።» ባሻ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ አሹት። «ዓመቱን ሙሉ ስድስት ሰው ቀበርን፣ ወንድይፍራው። ስድስቱንም ያለ ድንኳን። እኔ ሰባተኛው እንዳልሆን እየፈራሁ ነው፤ ዝናብ አልወድም።»

አሁን በቦታው ደረስኩ። ልንገራችሁ።

የሁለቱ ልጆች አስከሬን የመጣው ባንድ መኪና ነው። የኔ ቤትና የአምሳለ ቤት ደጃፋቸው ይተያያል፤ በመሃሉ አሥራ አንድ እርምጃ ነው። እድሩ ያለው አንድ ድንኳን ነው። ባሻ ልሳኑ «መሃሉ ላይ እንትከለው፣ ሁለቱም እናቶች ከሥሩ ይቀመጡ» አሉ። ሰው ሁሉ ይሁን አለ። እኔ ሰው መሃል የማልናገር ሰው ተነሳሁና «ገዳይና ሟች ባንድ ድንኳን አይለቀስላቸውም» አልኩ። ያልኩት ይኸው ነው። ሰው አንገቱን ደፋ። ድንኳኑ እኔ ግቢ ተተከለ። ያን ቀን ዘነበ። ከድንኳኑ ሥር ሆኜ አየኋት፤ አምሳለ ደጃፏ ላይ፣ የልጇ ሣጥን አጠገብ፣ ነጠላዋ ሰውነቷ ላይ ተጣብቆ። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሲነቀል ዕቃ ጠባቂ ናትና እሷው ተረከበችው። ካስማውን ቆጠረች። አጠፈችው፣ አስገባችው፣ ቆለፈችው። ከዚያ ወዲያ አልከፈተችም።

በሩ አይከፈትም፤ በሩ ካልተከፈተ ግዛው አይወጣም፤ ግዛው ካልወጣ ቱሉ አይሰፋም፤ ቱሉ ካልሰፋ ዳይናሞው አይዞርም፤ ዳይናሞው ካልዞረ ኤፍሬም አይነካም፤ ኤፍሬም ካልነካ ላፕቶፑ አይናገርም፤ ላፕቶፑ ካልተናገረ ፋናዬ አትበላም። አጥሚቱም ይቀዘቅዛል።

ወደ ሰፈሬ ተመለስኩ። ቤቴ አልገባሁም። አሥራ አንዷን እርምጃ ተራመድኩ። ለአሥራ አንድ እርምጃ ከተማውን ሁሉ ዞሬ መምጣቴ ነው።

አምሳለ ደጃፏ ላይ በሰፌድ ምስር ትለቅማለች። ዓይኗን አላነሳችም።

«ተቀመጥ አልልህም» አለች።

«እቆማለሁ።» ቆምኩ። አንድ በአንድ ነገርኳት። በሩ ካልተከፈተ ግዛው፣ ግዛው ካልወጣ ቱሉ፣ ቱሉ ካልሰፋ ዳይናሞው፣ እያልኩ እስከ ፋናዬ ድረስ።

«ሰምቻለሁ። ካንተ እግር የሰው አፍ ይፈጥናል።»

«እንግዲያው ቁልፉን ስጪኝ።»

«አልሰጥም።»

«ፋናዬ ትሞታለች።»

«ፋናዬ ምን በደለችኝ? ፋናዬ ብትመጣ ዓይኔን አውጥቼ እሰጣት ነበር። ላንተ ነው የማልሰጠው።» ከምስሩ ውስጥ ጠጠር አወጣችና ወረወረች። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። የዚያን ዕለት አውቶቡስ ያመለጠው ማንን ነው?»

«ይበልጣልን።»

«በሬን ያንኳኳው ማን ነው?»

መልሱን አውቀዋለሁ። ዓይኔን ግን ወደ በሩ አዞርኩ።

«ማን ነው ያንኳኳው ጋሽ ወንድይፍራው?» ጋሽ ካለችኝ ዓመት ሊሆናት ነበር።

«እኔ።»

«ዳምጤ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ተኝቶ ነበር። ዛሬ ሞተሩን አላወጣም፣ መሬቱ ያንሸራትታል ብሎኝ ነበር። ተነስ ያለው ማን ነው?»

«እኔ።»

«ልጄ ተማሪ የሚፈትንበት ቀን ነው፣ ፍጠን ያለውስ?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

አውቶቡሱ ባያመልጥ በር አላንኳኳም፤ በር ባላንኳኳ ዳምጤ አይነሳም፤ ዳምጤ ባይነሳ ሞተር ሳይክሉ አይነሳም፤ ሞተር ሳይክሉ ባይነሳ ድልድዩ አይወስዳቸውም። ይህንን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ ከድልድዩ ወደ ኋላ እቆጥር ነበር፤ ስቆጥር ስቆጥር ዳምጤ ላይ አቆማለሁ። አንድ ወደ ኋላ አልልም። አንድ ብል በሩ ላይ የቆመው እኔ ነኝ።

«ይህን ለምን ለሰው አልተናገርሽም?» አልኳት። «ብትናገሪ ድንኳኑን ባልከለከሉሽ።»

ያን ጊዜ ቀና አለች።

«አንተም ልጅህን ቀብረህ ነበር። በዚያ ላይ ይህን ልደርብብህ? ራሱ ይናገር ብዬ ተውኩህ። ዛሬ ይናገራል፣ ነገ ይናገራል። ዓመት ሞላ።»

ሰፌዱን ከጭኗ ላይ አነሳች። ቁልፉ በክር ከቀበቶዋ ላይ ተንጠልጥሏል። በዚያው ክር ላይ ሌላም ቁልፍ ነበር፤ የዳምጤ ሞተር ሳይክል ቁልፍ። ክሩን ፈታች። አንዱን ወደ ቀበቶዋ መለሰች፣ አንዱን በመዳፏ ይዛ ቆየች።

«እሁድ ዓመታቸው ነው። ድንኳኑ መሃል ላይ ይተከላል። ለኔ ያልከውን እዚያ ለሰው ትላለህ።»

«እላለሁ።»

«ለፋናዬም።»

ይህ ከሁሉ ከበደኝ። «ለፋናዬም» አልኩ።

ሰጠችኝ።

ሁለቱ ቁልፎች ዞሩ፤ በሩ ተከፈተ። በሩ ሲከፈት የዓመት እርጥበት ሸተተን። መሰላሉ ወጣ። ግዛው መሰላሉን ሁለት ጊዜ ነቅንቆ አየውና ወጣ። ግዛው ሲወጣ የቱሉ ጣራ ተመታ። ቱሉ ጃንጥላውን አጠፈና ሰፋ። ቺንጋው አድሮ ደረቀ። ሰይፈ ቺንጋውን አስገባ፤ ዳይናሞው ዞረ። ቅዳሜ ማለዳ ኤፍሬም ላፕቶፑን እንደ አራስ አቅፎ ወፍጮ ቤት ገባና ነካው። እኔ አጠገቡ ቆሜ ግማሽ ቀን አልተቀመጥኩም። የወፍጮው ጩኸት ጆሮ ያደነቁራል። ሰይፈ አንዴ ነዳጁን፣ አንዴ ቺንጋውን፣ አንዴ ፊቴን ያያል።

ቀትር ላይ ኤፍሬም ክንዴን ነካኝ። አዲሱን ዲስክ ከቶለት ነበር። ክቡ ነገር ዞረ፣ ዞረ። አልጠፋም። ሰማያዊ ሆነ፤ ጽሑፍ መጣ።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። «ምን ይላል?» ብዬ ጆሮው ላይ ጮህኩ።

«እንኳን ደህና መጣህ ነው የሚለው!» ብሎ ጮኸልኝ። «በስሙ ነው የሚጠራው። ይበልጣል ይላል።»

ወጥቼ ግድግዳ ተደገፍኩ።

ድምፁን ወደ ስልክ አሳለፈልኝ። «ሁሉም አልተረፈም አባባ። የጎመኗ ግን አለች» አለኝ። እኔ አልሰማሁትም። መጀመሪያ የሷ ነው። ያደረግሁትን ሳልነግራት ድምፁን ላሰማት ግን አልደፈርኩም፤ ለእሁድ አቆየሁት።

እሁድ ድንኳኑ በመሃል ተተከለ። አንዱ ካስማ እኔ ደጃፍ፣ አንዱ ካስማ አምሳለ ደጃፍ። ፋናዬን ከነፍራሿ አውጥተን ከሥሩ አስቀመጥናት። ሰማዩ አላዘነልንም፤ ዘነበ። ባሻ ልሳኑ ድንኳኑን ቀና ብለው እያዩ «አቤት ደረቅ ነገር» አሉ።

ሰው ሲሰበሰብ ተነሳሁ።

«ይበልጣል የኔ ልጅ ነው፤ ዳምጤ የአምሳለ ልጅ ነው። ዳምጤ አልወጣም ብሎ ተኝቶ ነበር። በሩን አንኳኩቼ ያስነሳሁት እኔ ነኝ። ፍጠን ያልኩትም እኔ ነኝ። ገዳይ ብዬ ነበር። ገዳይ አልነበረም።»

ተቀመጥኩ። ዝናቡ ሸራው ላይ ይመታል። ፋናዬ ረጅም ጊዜ አየችኝ።

«አንተ ነህ ያንኳኳኸው?»

«እኔ ነኝ።»

«ዓመቱን ሙሉ?»

«ዓመቱን ሙሉ።»

ከዚያ በኋላ ዓይኗን ከኔ አነሳች። «ስልኩን አምጡልኝ» አለች።

ኤፍሬም ጆሮዋ አጠገብ ያዘላት።

«እማ፣ ወደዚህ እይ» አለ ይበልጣል። «እማ። ሳቂ እንጂ። ጎመኑ ሞቶብሽ ነው እንዴ?»

ሌላ ድምፅ ከጎኑ ገባ። «ተዋት ባክህ፣ ጣቷን ትቆርጣለች። እማማ ፋኑ፣ እንዳትሰሚው፤ ይህ ሰውዬ ዛሬ ሥራ የለውም።»

«አንተስ ሥራ አለህ? ሞተርህ ላይ ተኝተህ ነው የዋልከው።» ሁለቱ ሳቁ። ከዚያ የፋናዬ የራሷ ድምፅ፣ «ሂዱ ከፊቴ፣ እናንት ሰይጣኖች።»

አለቀ።

አምሳለ አፏን በነጠላዋ ይዛለች። የልጇ ድምፅ እዚያ ውስጥ እንዳለ አታውቅም ነበር። ፋናዬም አልነገረቻትም፤ ዓመቱን ሙሉ በኔ ምክንያት አልተነጋገሩም።

«ድገመው» አለች ፋናዬ።

«ድገመው» አለች አምሳለ።

ኤፍሬም ደገመው፣ ደገመው፣ ደገመው።

ከዚያ አምሳለ ተነስታ ሳህኑን አመጣች። አጥሚቱ ትኩስ ነበር። በማንኪያ አቀረበችላት። ፋናዬ አንድ ጊዜ ዋጠች። ሁለተኛ ዋጠች። በሦስተኛው እንባዋ አብሮ ገባ፤ እሱንም ዋጠችው።

ቁልፉ ዞረ፣ በሩ ተከፈተ፤ በሩ ተከፈተ፣ ግዛው ወጣ፤ ግዛው ወጣ፣ ቱሉ ሰፋ፤ ቱሉ ሰፋ፣ ዳይናሞው ዞረ፤ ዳይናሞው ዞረ፣ ኤፍሬም ነካ፤ ኤፍሬም ነካ፣ ላፕቶፑ ተናገረ፤ ላፕቶፑ ተናገረ፣ ፋናዬ በላች። አጥሚቱም አልቀዘቀዘም።

ፋናዬ አሁን ትበላለች፤ መድኃኒቷንም ትውጣለች። ለኔ ግን ብዙ አትናገርም። አልፈርድባትም፤ ድሮም ዝምታን ቤት ያስገባሁት እኔ ነኝ። መብራት ተመልሷል። እኔ ግን በማለዳ የላፕቶፑን ማብሪያ አልጫንም። አሥራ አንድ እርምጃ ሄጄ የአምሳለን በር አንኳኳለሁ፣ ቀስ ብዬ። «ደህና አደርሽ» እላለሁ። አንዳንድ ቀን ትመልስልኛለች።

ተረቴ ይኸው ነው። አፌን በምንም አታብሱልኝ። መሰላሉን የወሰደ ብቻ ቦታው ይመልስ።